ባሕረ ሐሳብ በካርቲየ 4

መሪጌታ ባሕር አላቸው። ጅቡቲ፣ ካርቲየ 4 ውስጥ ከምንኖር ሐበሾች መካከል ባሕር ያላቸው እሳቸው ብቻ ናቸው። ባሕራቸው በነጠላ ቁራጭ ተጠቅልሎ ከትራሳቸው ሥር ያድራል። ቀረጥ አይከፈልበትም፤ ማዕበል አያውቅም፤ ማንም መጥቶ አይወስድባቸውም። በየዓመቱ ለቅዱስ ዮሐንስ ያወጡትና ከጧት እስከ ማታ ይዋኙበታል። ስሙ ባሕረ ሐሳብ ነው።

የ2017ን ፋሲካ ያወጡት በብስኩት ካርቶን ጀርባ ላይ ነበር። እኔ ትራንዚተር ነኝ፤ ቁጥር ሲደመርና ሲቀነስ ማየት ስለምወድ አጠገባቸው ተቀመጥሁ። 5500 ላይ 2017 ደመሩ፤ 7517 ሆነ። በ19 ገደፉት፤ 12 ተረፈ። አንዱን ለዘመኑ ተዉለት፤ ወንበር 11 ሆነ። ከወንበሩ አበቅቴ 1፣ መጥቅዕ 29 ወጣ። መስከረም 29 ረቡዕ ይውላል፤ የረቡዕ ተውሳክ 4 ነው፤ ደምረው 30ውን ሲጥሉ መባጃ ሐመር 3 መጣ። «ነነዌ የካቲት 3፣ ትንሣኤ ሚያዝያ 12» ብለው ካርቶኑን አጠፉት።

«መሪጌታ፣ ሐመር በግእዝ መርከብ ማለት አይደል?»

«ነው።»

«ታዲያ ባሕርም መርከብም አለን ማለት ነው?»

«በወረቀት ላይ ምን የጎደለን ነገር አለ ልጄ» አሉና ባሕሩን ጠቅልለው ከትራሳቸው ሥር መለሱት።

ሚያዝያ 12 የፈረንጆቹም ፋሲካ ሆኖ ተገኘ። እ.ኤ.አ. በ325 ኒቅያ ላይ የተሰበሰቡት 318ቱ ሊቃውንት ክርስቲያን ሁሉ ትንሣኤን በአንድ ቀን ያክብር ብለው ነበር። ተከበረም። በ1582 ግን ሮም ካላንደሯን አስተካከለች፤ ምሥራቁም «የኔው ምን ጎደለው» አለ፤ ከዚያ ወዲህ አንዱ ሲያለቅስ አንዱ ሥጋ ይቆርጣል። የኒቅያ ጉባኤ 1700ኛ ዓመቱ በሚታሰብበት ዓመት ሁለቱ ቀኖች ገጠሙ። ገጠሙ እንጂ አልታረቁም። በ2009 ዓ.ም. ደግሞ ገጥመው ነበር። እንደ መሪጌታ አባባል፣ ሁለት ሰዎች በአንድ ሰዓት ገበያ ስለተገናኙ ዘመድ ሆኑ አይባልም።

ቢሆንም የጎረቤቶቻችን ፓስተር ግጥምጥሞሹን እንደ ራእይ ወሰደው። «ዘንድሮ የሠፈሩ ክርስቲያን ሁሉ የጋራ የበዓል ፕሮግራም ያድርግ» አለ። በዚህ አገር ሕገ መንግሥቱ እስልምናን የመንግሥት ሃይማኖት ይላል፤ ሌላውም እንደ እምነቱ እንዲያመልክ ይፈቅዳል። ካቶሊኮቹ የመልካሙ እረኛ እመቤታችን ካቴድራል አላቸው። ፕሮቴስታንቶቹ በፈረንሳይ ዘመን የተሠራ ቤተ ክርስቲያን አላቸው። እኛ ኦርቶዶክሳውያንም ደጅ የምንስመው አላጣንም። የኢትዮጵያውያን ትናንሽ የወንጌላውያን ጉባኤዎች ግን የራሳቸው ምዝገባ የላቸውም፤ የተመዘገበ ቤተ ክርስቲያን ጥላ ሥር ተጠልለው ነው የሚያመልኩት። አማርኛ ተናጋሪው አንድ ነው፣ ኦሮምኛ ተናጋሪው አንድ ነው፣ ከየአገሩ የመጣው ፈረንሳይኛ ተናጋሪ ደግሞ ሌላ ነው። ቅዳሴያችን ለየብቻ ቢሆንም ወጣችን ጎረቤት ስለሆነ እኛም ተጠራን።

የጎረቤቶቻችን አዳራሽ አንድ ጉድለት አለበት፤ በር የለውም። ማለቴ የአዳራሽ በር አለው፤ የሌለው ወደ መንገድ የሚያወጣ የግቢ በር ነው። ግቢው ሰፊ ነው፤ ሕዝቡም ብዙ ነው። በር ከሌላቸው ግቢዎች መካከል እንደሱ ሕዝብ የበዛበት በዓለም የለም ይባላል። ስለዚህ ለመውጣትም ለመግባትም በአጎራባቹ በሐጂ በር ማለፍ ግድ ነው። ከሚገባውና ከሚወጣው ዕቃ ከመቶው ከዘጠና የሚበልጠው የሚያልፈው በዚያው በር ነው።

ሐጂ ጨዋ ሰው ናቸው። አማርኛ ይችላሉ፤ ለበዓል ሳምቡሳ ይልካሉ፤ ሰው ሲሞት ከኛ ቀድመው ለቅሶ ይደርሳሉ። ታሪፋቸው ግን እንደ ፍራንካቸው አይዋዥቅም፤ ፍራንኩ ከአሜሪካ ዶላር ጋር በ177.721 ከታሰረ ግማሽ ምዕት ዓመት አልፎታል። ለሰው ይህን ያህል፣ ለወንበር ይህን ያህል፣ ለድስት እንደ ስፋቱ። ድስቱ በሩ ላይ ከተፈቀደለት ሰዓት በላይ ከቆየ ዲመሬጅ ይታሰብበታል። ደረሰኙን ሳየው ቢሮዬ የገባሁ መሰለኝ።

«ሐጂ፣ ለበዓል እንኳን አይቀንሱልንም?» ብዬ ለመንኋቸው።

«ወንድሜ፣ እኔ ቡናም ዘይትም የለኝም፤ በሬ ብቻ ነው ያለኝ» አሉኝ።

‹በሬ› ያሉት የሚያርስ በሬ ይሁን ወይስ የሚዘጋ በር፣ ለማጣራት አፈርሁ። ለነገሩ ሁለቱም ያበላሉ።

ከኛ ሌላም ያበላቸዋል። በሐጂ ግቢ ፊት ለፊት ባሉት ክፍሎች አምስት ተከራዮች ይኖራሉ። አንዱ የቀድሞው ባለቤት ነው፤ ቤቱን እ.ኤ.አ. በ1977 አስረክቦ «ሻንጣዬን ላዘጋጅ» እንዳለ እስከ ዛሬ አልወጣም። ሁለተኛው «ቤቴን ያቃጠሉብኝን ሰዎች እዚህ ሆኜ ልፈልጋቸው» ብሎ ከሃያ ዓመት በፊት ገባ። ሦስተኛው ጫማውን አውልቆ የሚገባ ነው፤ አራተኛው ፓስታ ይቀቅላል። አምስተኛው መጨረሻ መጣና የግቢውን ደረጃ በብድር አድሶ ከደረጃው ሥር ክፍል ያዘ። አምስቱም ውሻ አላቸው። አምስቱም «ሌባ ልንጠብቅ ነው የመጣነው» ይላሉ። ሌባው ከጠፋ ብዙ ዓመት ሆነው፤ ውሾቹ ግን እርስ በርስ ይጠባበቃሉ።

የሚገርመው የብርሃኑ ነገር ነው። ከ2011 እ.ኤ.አ. ወዲህ ይህ ከተማ አብዛኛውን አምፖሉን የሚያበራው ከኢትዮጵያ በሚመጣ ኃይል ነው። ከ2017 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ደግሞ ሶማሌ ክልል ሀዳጋላ ላይ የተቆፈረ ውኃ በቧንቧ ድንበር ተሻግሮ ይገባለታል። ጫቱማ በየቀኑ እኩለ ቀን ላይ ከተፍ ይላል፤ ከአገራችን ከሚመጣ ነገር ሁሉ ሰዓት አክባሪው እሱ ነው። መብራቱ ከኛ፣ ውኃው ከኛ፣ ምርቃናው ከኛ፤ በሩ ብቻ ከሳቸው። «እንግዲህ ከሁለታችን ባለጸጋው ማን ነው?» ብዬ መሪጌታን ጠየቅኋቸው። «ቁልፉ በማን ኪስ ነው?» ብለው መልሰው ጠየቁኝ።

የጎረቤቶቻችን ግቢ ለምን በር እንዳጣ የሚያውቁት እማማ ናቸው። እማማ የሠፈሩ አንጋፋ ናቸው፤ በአሮጌው ባቡር ነው የመጡት። ያ ባቡር ምኒልክ እ.ኤ.አ. በ1894 ለስዊሱ ኢልግ ፈቃድ የሰጡበት፣ በ1897 ከዚሁ ከጅቡቲ ተነሥቶ በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ የገባው ነው። አሁን ቻይናዎቹ የሠሩት አዲሱ ባቡር ነጋድ ላይ ከከተማው ርቆ ይቆማል፤ እማማ ግን ዛሬም ፉጨት ሲሰሙ ዘንቢላቸውን ይፈልጋሉ።

«ግቢው ድሮ የሁለት ወንድማማቾች ነበር» ብለው ይጀምራሉ። «በታናሽዬው በኩል ሁለት በሮች ነበሩ፤ ሁለቱም በቀጥታ መንገድ ላይ የሚያወጡ። ወንድማማቾቹ ሠላሳ ዓመት ተደባደቡ። አንደኛው ‹ለአንድነት ነው› ይላል፤ ሌላኛው ‹ለነፃነት ነው› ይላል፤ ቋንቋቸው ይለያይ እንጂ ዱላቸው ከአንድ ዛፍ የተቆረጠ ነበር። በመጨረሻ ታናሹ ‹ድርሻዬን› አለ። ታላቁም ፈረመለት። የግቢው ሰው ‹በሩስ?› ብሎ ቢጠይቅ ተቆጡት፤ ‹ወንድም ከወንድሙ በር ይከለክላል እንዴ፣ ነውር!› ተባለ። እውነትም አምስት ዓመት አልተከለከለም። ከዚያ ጎመን እንኳ በማይበቅልባት ቁራሽ መሬት ተጣሉ፤ ሁለት ዓመት ተናነቁ፤ ሁለቱም በሮች ተቀረቀሩ።»

«ታርቀው አልነበር እማማ?»

«ታርቀው ነበር እንጂ! ከሃያ ዓመት በኋላ ድንገት ተቃቀፉ። እነሱ አለቀሱ፣ እኛም አለቀስን። ታላቅዬው ለዕርቁ ከሩቅ አገር ወርቅ ተሸለመ። ወርቁ ደረሰ፤ በሩ ተመልሶ ተዘጋ። ከዕርቁ በኋላ አብረው የሠሩትን ደግሞ እኔ አልናገርም፤ ሠፈሩ ያውቀዋል።» እዚህ ላይ ሲደርሱ ሁልጊዜ ስኒ ያነሣሉ።

በር ያጣ ግቢ በር ጠባቂ ግን አላጣም። የአዳራሹ ሰዎች ተሰብስበው፣ ተመካክረው፣ አጨብጭበው፣ ለሌላቸው በር ዘበኛ ቀጥረዋል። ነጭ ዩኒፎርም ተሰፍቶለታል፤ በየዓመቱም ማዕረጉ ያድጋል። ቀኑን ሙሉ ግድግዳ ፊት ለፊት ቆሞ «በሩ የተከፈተ ዕለት ዝግጁ ነኝ» ይላል። የዘበኛው ደመወዝ ግድግዳውን ለማፍረስ ይበቃ ነበር ያሉም አሉ፤ ግድግዳው ግን የሰው ነው።

የበርበሬው ወሬ እንኳን ገና ከሠፈሩ አልጠፋም። በ2016 ዓ.ም.፣ በፈረንጆቹ አዲስ ዓመት ዕለት፣ ሰው ሁሉ እንቅልፍ ላይ ሳለ፣ የአዳራሹ አለቃ በጓሮ በኩል ሹልክ ብሎ አንድ ጎረቤት ቤት ሄደ። ያ ጎረቤት ከሠላሳ ዓመት በላይ በቤቱ የኖረ፣ ጓዳውን ጠርጎ የያዘ፣ ጎረቤት የማይረብሽ ሰው ነው፤ ችግሩ ለቤቱ ካርታ አልወጣለትም። ካርታው ላይ የተጻፈው የሌላ ሰው ስም ነው። ሁለቱ ተነጋገሩ፤ ባለቤቱ «ለበዓለ ሃምሳህ የሚሆን ሃያ ማንኪያ በርበሬ ለሃምሳ ቀን ላውስህ፤ አንተ ደግሞ ‹ይህ ቤት የሱ ነው› ብለህ ለሠፈሩ መስክርልኝ» አለ። ወረቀት ተፈራረሙ። አለቃው ገና በርበሬውን ሳያይ ጉባኤው ፊት ቆሞ «ወጣችን ቀላ!» ብሎ አወጀ፤ እልልታው ካርቲየ 7 ድረስ ተሰማ።

ከዚያ የሆነውን ማን ይናገር! ስሙ በካርታው ላይ ያለው ሰው ድንጋይ ይዞ ወጣ። ሐጂ «የኔ በር ምን አደረገህ?» ብለው አኮረፉ። ከወንዝ ማዶ ያለ የቆየ ባላንጣ፣ በውኃ የሚጣላን፣ ለባለ ካርታው ዱላ ላከለት። በመጨረሻ ምንጣፍና ሻይ የሚሸጥ አንድ ሩቅ ዘመድ አለቃውንና ባለ ካርታውን ጠርቶ በትንንሽ ብርጭቆ ሻይ ቀዳላቸው። ከአሥራ አንድ ወር ግርግር በኋላ እዚያ የተፈረመውን ወረቀት ያነበቡት ሰዎች «ሻይው ጥሩ ነበር» ብለዋል። በርበሬውን ግን እስከ ዛሬ የቀመሰ የለም። እማማ ወጡን አልጫ አድርገው ሠሩት።

የጋራውን ፕሮግራም የሚያዘጋጅ «የአንድነት ኮሚቴ» ተቋቋመ። በመጀመሪያው ስብሰባ በሊቀመንበር ምርጫ ተጣላና ሁለት ሆነ፤ ሁለቱም «እውነተኛው አንድነት» ተባሉ። በሁለተኛው ስብሰባ አራት ሆኑ። «ፋሲካ ቶሎ ባይደርስ አንድነታችን በዝቶ አዳራሽ አይበቃንም ነበር» አሉ እማማ። የማይክሮፎን ደቂቃ በሕዝብ ብዛት ይከፋፈል ተባለና ሁሉም «የኛ ይበዛል» አለ። እንቆጠር ቢባል፣ መቆጠሩ ራሱ ጠብ ያመጣል ተብሎ ቆጠራው ላልተወሰነ ጊዜ ተላለፈ። ማይክሮፎኑ ደግሞ የማናችንም አልነበረም፤ ሐጂ ለሠርግ የሚያከራዩት ነው።

ቀኑ ደረሰ። እሑድ በጅቡቲ የሥራ ቀን ነው፤ ሳምንቱ የሚያርፈው ዓርብና ቅዳሜ ነው። እኛ ሌሊቱን ቅዳሴ ቆመን፣ ጾማችንን ፈትተን፣ ከጧቱ አንድ ሰዓት ወደብ ላይ ነበርን። ኮንቴይነር ፋሲካ አያውቅም። ከቀኑ በአሥር ሰዓት፣ ሙቀቱ ከአስፋልቱ ላይ ገና እየተነሣ፣ በሐጂ በር እየተቆጠርን ገባን። ሐጂ ራሳቸው በሩ ላይ ወንበር አውጥተው ተቀምጠዋል፤ በአንድ እጃቸው ደረሰኝ፣ በሌላው ሳምቡሳ። አምስቱ ተከራዮች በየመስኮታቸው አንገታቸውን አወጡ፤ የስንት ሰው መግባት ለየትኛው እንደሚያሰጋ ማስታወሻ ያዙ።

ፕሮግራሙ የተከፈተው በትንሣኤ ሰላምታ ነው። ማን ይቅደም የሚለው ስላልተቋጨ አራቱም በአንድ ጊዜ ተነሡ። መሪጌታ «ክርስቶስ ተንሥአ እሙታን» አሉ፤ ፓስተሩ «ጌታ ተነሥቷል፣ ሃሌ ሉያ» አለ፤ ከወዲያ «ክሪስቶስ ከኤራ» ተባለ፤ ከወዲህ «ለ ክሪስት ኤ ረሱሲቴ» ተባለ። አራቱም ያሉት አንድ ነገር ነው። ተርጓሚ ስላልነበረ ግን እያንዳንዱ ሌላው የተቃወመው መሰለውና ድምፁን ከፍ አደረገ። ሐጂ ከበሩ ላይ ሆነው «ሰላም ነው?» ብለው ጠየቁ። «ሰላም ነው፤ እያበሠርን ነው» ተባሉ።

ቀጥሎ ምጽዋት ተጠራ። የገንዘቡ ዓላማ «ለበር መግዣ» ነበር። ሳጥኑ ከኋላ ተነሥቶ እስከ ፊት እስኪደርስ እየቀለለ እንጂ እየከበደ አልሄደም፤ እንዴት እንደሆነ ኮሚቴዎቹ እያጣሩ ነው። መሪጌታ ሳጥኑን ወደ ውስጥ አዩትና፣ «ምጽዋት ከሚለው ቃል ለኛ የቀረችን የመጨረሻዋ ፊደል ናት» አሉ። ወጣቶቹ የፊደል ትምህርት መስሏቸው ጻፉት። እማማ ግን ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ።

«መሪጌታ፣ ከቅኔዎ ይበሉልን» ተባለ። ቅኔ ቤት የተቀጠቀጡ ሰው ናቸው፤ አሁን ግን በቀን የመጋዘን ጥበቃ ናቸው። ቆመው ጉሮሯቸውን ጠረጉ፤ ሁሉም እንዲሰማቸው በአማርኛ አሉ፦

ወንድም አስቀይመን ሌት የምናዝነው፣
ሌላ ሐሳብ የለን፣ ሁሉም ያሰብነው።

ጉባኤው «እውነት ነው፣ ሁላችንም ብዙ አስበን ነበር» ብሎ አጨበጨበ። አንድ ወጣት ወደኔ ጠጋ ብሎ «ምንድን ነው ያሰቡት?» አለኝ። «መጨረሻዋን ቃል ለሁለት ቆርጠህ አንብባት» አልሁት። ቆረጣት፤ ዝም አለ፤ ከዚያ በኋላ ማይክሮፎን አልጠየቀም። ሽማግሌው ግን ገና አልተቀመጡም ነበር፦

ዓሣው ከጎረቤት፣ መረቡ ከኛ ቤት፣
ባሕሩ በሐሳብ ነው የምንዋኝበት።

ይኸኛውን ደግሞ «ስለ ፋሲካ አወጣጥ ነው» ብለው ተቀበሏቸው። አልዋሹም፤ ስለ እሱም ነው።

አራተኛው አንድነት አራተኛውን ንግግሩን ጀምሮ «ወገኖቼ፣ በሩ በቅርቡ የኛ ይሆናል!» ሲል መብራት ጠፋ። ማቀዝቀዣው ቆመ፤ ማይክሮፎኑ ዝም አለ። ከጨለማው ውስጥ አንዱ «መብራቱኮ የኛ ነው!» ብሎ ጮኸ። ልክ ነው። ማብሪያው የት እንዳለ የሚያውቅ ሰው ግን ከመካከላችን አልተገኘም።

መሪጌታ ከደረት ኪሳቸው ከሌሊቱ የተረፈ ጧፍ አወጡና ለኮሱ። እሳቱን ከሳቸው ጧፍ አንዱ ወሰደ፣ ከሱ ሌላው። ፓስተሩም ወሰደ፤ ጧፍ በሥርዓቱ እንደሌለ ያን ጊዜ ያነሣ የለም። በዚያ ብርሃን ከፒኬ 12 የመጣ አንድ የከባድ መኪና ሾፌር ተነሣ። ለንግግር አልተመዘገበም፤ ከአራቱ አንድነቶችም አንዱ ጋ አልነበረም።

«እናንተ ስለ በር ታወራላችሁ» አለ። «የኔ ታናሽ ወንድም ያለ ማንም ፊርማ ባሕር አግኝቷል። አንድ ደቂቃ ጸልዩለት።»

ሁላችንም አወቅን። በ2016 ዓ.ም. በዐቢይ ጾም፣ በሁለት ሳምንት ልዩነት፣ ስደተኛ የጫኑ ሁለት ጀልባዎች ከየመን ሲመለሱ በኦቦክ በኩል ጎዶሪያ ጠረፍ ላይ ሰጥመዋል። በመጀመሪያው ብቻ 38 ሰው ሞቷል፤ ብዙዎቹ የኛው ልጆች ነበሩ። ከነሱ በፊትም፣ ከነሱ በኋላም በዚያ መንገድ የሄዱት ማን ቆጥሯቸው። ለነሱ መባጃ ሐመር አልወጣላቸውም፤ ዲመሬጅም አልታሰበባቸውም፤ ባሕሩ በነፃ ተቀበላቸው።

ጸጥ አለ። በየትኛው ቋንቋ ይጸለይ የሚል አልተነሣም፤ ማን ይቅደም የሚልም አልነበረም። ዘበኛው ነጭ ባርኔጣውን አወለቀ። ሐጂ ወንበራቸውን ትተው ገብተው ከበሩ አጠገብ መዳፋቸውን ዘርግተው ቆሙ፤ ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ አየሁ። ከ1582 ወዲህ ያልተገኘው ነገር ካርቲየ 4 ውስጥ፣ በጨለማ፣ ለአንድ ደቂቃ ያህል ተገኘ። ከዚያ መብራቱ መጣና ሁሉም ማይክሮፎኑን ፈለገ።

ማታ በሩ ይዘጋል። ድስቶቻችንን ተሸክመን ተሰለፍን። እማማ ያልቀላውን ወጥ ለሐጂም አድርሰውላቸው ነበር፤ «ቆንጆ ነው፣ ግን ምን ጎደለው?» ብለው ጠየቁ። «ወንድም» አሉ እማማ። ሐጂ አልሰሙም፤ ወይም ጨዋ ስለሆኑ አልሰማሁም አሉ። ለሰው አስከፈሉን፣ ለወንበር አስከፈሉን፣ ለሁለት ድስት ዲመሬጅ አሰቡብን። ለጧፎቹ አልጠየቁም።

በመንገድ ላይ መሪጌታን «ሐጂ ጨክነዋል» ብላቸው ተቆጡኝ። «ሐጂ ምን አደረጉ? በራቸውን ዘጉ፣ በራቸውን ከፈቱ። አንተ የራስህን በር የዘጋውን ሰው ትተህ የሰው ደጅ ላይ ትዳኛለህ? የገዛ ወንድሙን አቅፎ ያላደረ፣ የጎረቤቱን በር ሲቆጥር ያድራል።»

የምሥራቅና የምዕራብ ፋሲካ እንደገና የሚገጥመው ሚያዝያ 8 ቀን 2020 ዓ.ም. ነው። መሪጌታ ከወዲሁ አስልተውታል፤ ካርቶኑ እኔ ዘንድ አለ። የአንድነት ኮሚቴዎቹም ለዚያው ፕሮግራም ከአሁኑ ስብሰባ ጠርተዋል፤ እስከ ትናንት ድረስ ስድስት ደርሰዋል።

አንባቢ ሆይ፣ ከዚህ ወግ ውስጥ ወርቅ ካገኘህ ያንተ ነው፤ ለማንም አታሳይ፣ በየበሩ ይፈተሻል። ሰሙን ግን መልስልኝ። ለጎዶሪያዎቹ ልጆች የምናበራው ጧፍ አልቆብናል።